የፓምፕ ቤቱ ታሪክና የአማቴ እግር

በዚህች አገር እንደ ውሃ የሚጠረጠር ነገር የለም! አረቄ እየተዘፈነለት ያልፋል፣ ጫት በመኪና እየበረረ ያልፋል፤ ውሃ ግን... «እስቲ ቁም!» ይባላል። አትከራከሩኝ። የቡራዩ ነዋሪ ነኝ፤ ነገሩ በራሴ ላይ ደርሷል።

አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ግርግር በጋመበት ሰሞን ነው። መንገዱ በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለም፣ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ በሹክሹክታ ይሸጣል። ቧንቧችን ደግሞ ሲከፈት «ፉሽሽ...» ብሎ አየር ይተነፍሳል። የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ከገፈርሳ ግድብ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ትልቁ ቱቦ የሚያልፈው በጓሯችን በኩል ነው! ልብስ ስናሰጣ ከእግራችን ስር ሲንዶቀዶቅ ይሰማናል። እኛ «ከተማዋ ልትመጣብን ነው» ብለን ስንጨነቅ፣ ቱቦዋ መጥታ ከተቀመጠች ቆይታለች።

በዚህ መሃል አማቴ ከጉደር ደወሉ።

«የልጅ ልጄን ላያት እየመጣሁ ነው።»

«እማማ፣ መንገድ እኮ ተዘግቷል!»

«የተዘጋው ለመኪና ነው። እኔ መኪና ነኝ?»

ባለቤቴ ጫልቱ አራስ ናት። ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «እናቴ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ እግሯን የምትታጠብበት ውሃ ከምታጣ፣ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ!» አለች። እኔም ፈራሁ። አማቴ እኮ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ «ለመሆኑ ቤት ማስተዳደር ይችላል?» ብለው የጠየቁ ሴት ናቸው። ሽማግሌዎቹ «እንዴታ!» ብለው መስክረውልኛል። እንግዲህ የእኔም የሽማግሌዎቹም ክብር በሁለት ጀሪካን ውሃ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ይደርሳሉ በተባለበት ቀን ጀሪካኖቼን ይዤ ገፈርሳ አጠገብ ወዳለው አሮጌ ፓምፕ ቤት ገሰገስኩ። ጥበቃው ኦቦ ቶሎሳ ከፓምፑ ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። ፓምፑ የሚያፈሰውን ውሃ ለቸገረው ሁሉ ይሰጣሉ። ግን ታሪክ መስማት ግዴታ ነው።

«አከም ኦልታን፣ ኦቦ ቶሎሳ?»

«ነጉማ! ተቀመጥ። ጀሪካኑ እስኪሞላ የፓምፑን ታሪክ ልንገርህ። በንጉሡ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ ሪባን ቆረጠና ‹ቡራዩም ትጠጣለች› አለ።»

«ጠጣች?»

«ጠብቅ እንጂ! በደርግ ጊዜ ጓዶች መጡ። ‹ሰፊው ሕዝብ ይጠጣል› አሉ።»

«እሺ፣ ጠጣ?»

«ምን ያጣድፍሃል? በዚህ መንግሥት ጊዜ ደግሞ ኮፍያ ያደረጉ መጡ። ‹ጥናት ላይ ነው› አሉ።»

ሦስት መንግሥት አልፎ ጀሪካኖቼ ሞሉ። አመስግኜ ወጣሁ።

ብዙም ሳልርቅ ግንድ ላይ የተቀመጡ ወጣቶች አስቆሙኝ። ከመካከላቸው ረጅሙ፣ ድምፁ በመፈክር የተዘጋ፣ ተነስቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ለፖሊሶቹ ልታቀብል ነው አይደል?»

«ኧረ ለአማቴ እግር ነው!»

«ለእግር ከሆነማ ጉሮሮ ይቅደም! ከጠዋት ጀምረን ስንጮህ ነው የዋልነው።»

«ቢሻን! ቢሻን!» ውሃ! ውሃ! እየተባባሉ ከበቡኝ። አንዱ ጀሪካን እዚያው ተጨለጠ።

ትንሽ እንደሄድኩ ፖሊሶች አስቆሙኝ።

«ጀሪካኑ ውስጥ ምንድነው?»

«ውሃ።»

«ጎማ ማቃጠያ ቤንዚን አይደለም?»

«ያሽትቱት!»

«ጉንፋን ይዞኛል። ጠጣው!»

ጠጣሁ። አለቃቸው ፊቴን አጥንቶ «ለምዶት ይሆናል» አለና አንዱን ፖሊስ እንዲቀምስ አዘዘው። ፖሊሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ሞልቶ ሳበ።

«ጌታዬ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ልድገም?»

ደገመ። ከዚያ የሌሎቹም አስተያየት ተጠየቀ... ምርመራው ሲያልቅ በነፃ ተለቀቅሁ፤ ውሃው ግን ግማሽ ደርሷል።

ሰፈሬ መግቢያ ላይ ደግሞ ሌሎች ወጣቶች። «ፖሊሶቹን ስታጠጣ አይተንሃል!» አሉኝ። እውነት ነዋ! ጀሪካኑን አቀበልኳቸው። በዚያን ሰሞን ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ነገር ቢኖር የእኔ ውሃ ብቻ ነው።

ባዶ ጀሪካኖቼን እያንኳኳሁ፣ በኀፍረት አቀርቅሬ ቤቴ ገባሁ። አማቴ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው በር ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ ያብረቀርቃል! አጠገባቸው አንድ ጀሪካን ቆሟል።

«እማማ... ውሃውን ከየት አመጡት?»

«ከጉደር ነዋ! ልጄ የምትኖረው ከተማ አጠገብ ነው። ውሃ እንደማይኖራት ይጠፋኛል?»

«ያን ሁሉ ኬላ እንዴት አለፉት?»

«ጠበል ነው አልኳቸዋ። ልጆቹ ግንዱን አንስተው ጀሪካኑን ተሸከሙልኝ፤ ፖሊሶቹ ቆባቸውን አውልቀው አሳለፉኝ።»

«እውነት ጠበል ነው?»

«የጓሮ ጉድጓድ ነው፤ ደግሞ ለጠበል!»

ልስቅ አፌን ስከፍት የግቢው በር ተንኳኳ። ረጅሙ ወጣትና ጉንፋናሙ ፖሊስ! እያንዳንዳቸው ባዶ ሃይላንድ ይዘዋል። አንዱ ለጉሮሮው፣ አንዱ ለአፍንጫው። እርስ በርስ ላለመተያየት ጣራውን ያያሉ።

«የእማማን ጠበል ፈልገን ነበር...»

አማቴ ቅንጣት አልደነገጡም። «ለዛሬ አልቋል ልጆቼ» አሉና በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ነገ እሱ ከምንጩ ያመጣላችኋል።»

በማግስቱ ጀሪካኖቼን ይዤ ስወጣ፣ ወጣቶቹ ግንዱን አነሱልኝ፤ ፖሊሶቹም ቆባቸውን አወለቁ። ፓምፕ ቤት ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷቸው ኖሮ እየሳቁ ጠበቁኝ።

«ታሪኩን የት ላይ ነበር ያቆምነው?»

«ጥናቱ ላይ።»

«አዎ፣ ጥናቱ ላይ። ከዚያማ በአማትህ ጊዜ» አሉ ጀሪካኔን ከፓምፑ ስር እየደቀኑ፣ «ቡራዩ ጠጣች።»