ጥጋቡ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ፈረንጁን እስረኛ እንዴት እንዳስመለጡ

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ የቆርቆሮ ጌታ፣ የዘይት ጣሳ ድል አድራጊ፣ የከሰል ምድጃ አባት የሆኑት ጥጋቡ በመርካቶ ምን አለሽ ተራ በመንበራቸው በተቀመጡ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ስኳር ከቀበሌው ሱቅ ከተሰወረች በሦስተኛው ወር፣ ስብሰባ በበዛበትና ወሬ በቀነሰበት በወርኃ የካቲት፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ታላቅ ነገር ሆነ። መንበር ማለታችን በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ነው፤ ገልብጠው ይቀመጡበታል። ርስታቸውም በግንቡና በቦዩ መካከል ያለች፣ ወርዷ ሁለት ክንድ ከስንዝር የሆነች መሬት ስትሆን፣ በምሥራቅ በኩል ከባልዲ ሠሪው ከደምመላሽ ጋር ትዋሰናለች። በተራውም የባለቤቱ መዶሻ ሰባት ቀን ያልተሰማበት ቦታ ለጎረቤት ይሆናል የሚል የጸና ሕግ ነበረ። ደምመላሽም ይህን ሕግ እንደ ዳዊት በየጠዋቱ ይደግመው ነበር።

ወበዕለተ እሑድ ጌታው ጥጋቡ ፊታቸውን ታጥበው፣ ያችን አንዲት ኮታቸውን ደርበው፣ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያወራለትን የእስር ቤት ፊልም ለማየት ወደ ሲኒማ ቤት ዘመቱ። ተከትሏቸው የዘመተው ሠራዊትም ይህ ነው፤ በቀኝ ክንፍ ተሸካሚው ባህረዲን፣ ኩንታል በርበሬ ተሸክሞ የማያስነጥሰው፤ በግራ ክንፍ ሚስማር አቃኚው ከበደ፣ ከገዛ ጀርባው በቀር የጎበጠውን ሁሉ የሚያቃናው፤ በደጀንነት ሁለት ሊስትሮዎች ከነሣጥናቸው፤ ከሁሉም ኋላ ከአውቶቡስ ተራ የመጣ፣ ማንም ያልጠራው አንድ ደላላ። የትኬቱን ሰልፍ በክርን ሰብረው፣ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰፈሩ።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ምስኪን ፈረንጅ ያልሰረቀውን ፈረስ ሰረቅህ ተብሎ ተከሰሰና፣ ዳኛው እያዛጋ ሃያ ዓመት ፈርዶበት፣ በባሕር በተከበበች ደሴት ድንጋይ እንዲፈልጥ ተጣለ። በዚያም በፀሐይ ለወደቀ ጓደኛው አንድ ጭልፋ ውሃ ቢያቀብል፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ፣ ቆመው በማይቆሙበት፣ ተኝተው በማይተኙበት ጠባብ ቤት አርባ ቀን ከተቱት። በአዳራሹ ውስጥ የፈረንጁን ቋንቋ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ያልገባውም አንድም ሰው አልነበረም።

ወእምዝ እስረኛው ከጣሪያው ለመውጣት ድንጋይ አንሥቶ የቆርቆሮውን መሀል መደብደብ ጀመረ። ጌታው ጥጋቡ ዳኛው ሲያዛጋ ችለው ነበር፤ ጅራፉ ሲወርድም ችለው ነበር፤ ይህን ግን አልቻሉም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲያጥፍና ሲዘረጋ የኖረ ሰው፣ መሀሉን እየደበደበ ጉልበቱን የሚጨርስ ሰው ሲያይ እንዴት ዝም ይበል? ስለዚህ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ወደ ሸራው ዘርግተው፣ የመጀመሪያውን አዋጅ አወጁ፦

«አንተ ሰውዬ! መሀሉን ምን ያስደበድብሃል? መጋጠሚያው ጋ ሂድ፣ መጋጠሚያው ጋ! እሱ ነው የሚላቀቀው!»

እስረኛውም ሰምቶ ይሁን ራሱ ገብቶት፣ እጁን ወደ መጋጠሚያው ሰደደ፤ ቆርቆሮውም ተላቀቀ፤ አዳራሹም በፉጨት ተናወጠ። ዳሩ ግን ዘበኞቹ ውሾቻቸውን እየጎተቱ ከማዕዘኑ ብቅ ሲሉ፣ እስረኛው ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና አላያቸውም። ጌታው ጥጋቡም ደማቸው ፈልቶ፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፦

«ሩጥ! መጡ! በጓሮ በኩል ውጣ!»

በዚያ ዘመን ‹መጡ› የሚለውን ቃል ሰምቶ ‹እነማን?› ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመርካቶ አልነበረም። አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ተነሣ። ከስብሰባ የቀረ ሮጠ፤ መታወቂያውን ቤቱ የረሳ ሮጠ፤ የወንድሙን መደበቂያ የሚያውቅ ሮጠ፤ ምንም ጥፋት የሌለበት ደግሞ፣ ይህን የሚመሰክርለት ስለሌለ፣ ይበልጥ ሮጠ። ባህረዲንና ከበደም በጓሮ ወጡ። ከሁሉ የቀደመው ግን በር ላይ ለጥበቃ የቆመው አብዮት ጠባቂ ፍስሐ ነበር፤ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ፣ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሲያለከልክ ተገኘ። ጌታው ጥጋቡ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። እሳቸው የነገሩት ለፈረንጁ ነው፤ ሌላው ሰው ለምን እንደሮጠ ጨርሶ አልገባቸውም። ፊልሙን የሚያሳየውም ሰው አዳራሹ ባዶ መሆኑን አይቶ ማሽኑን ስላጠፋ፣ እስረኛው በባሕሩ ዳር ከታሰረችው ጀልባ መድረስ አለመድረሱን ሳያዩ ቀሩ።

ወእምድኅረ ዝንቱ ፍስሐ ጠመንጃውን ፍለጋ ሲመለስ፣ ለምን እንደሮጠ መናገር ግድ ሆነበት። ፈርቼ ነው እንዳይል፣ አብዮት ጠባቂ ፈሪ ነው የሚል የትም አልተጻፈም። ስለዚህ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ቃሉን እንዲህ ሲል ሰጠ፦

«አንድ እስረኛ አምልጦ እሱን እያባረርኩ ነበር። ያስመለጠውም ምድጃ ሠሪው ጥጋቡ ነው። በየት በኩል እንደሚወጣ ሲነግረው በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ አበው፤ በቀበሌ መዝገብ የገባ ውሸት ግን እያደር ይከብዳል። ሊቀመንበሩ ጓድ ደመቀ፣ የአምስት ሰዎች ሸንጎ አለቃ፣ የማኅተም ጠባቂ፣ የማይጨረስ ንግግር ምንጭ፣ ወዲያው ፋይል ከፈቱ፤ የአምላጩ ስም ያልታወቀ፣ መልኩ ነጭ፣ ልብሱ ባለ መስመር ተብሎ ተጻፈ። እስረኛ ያስመለጠ ሰው በመንግሥት እርሻ ሦስት ወር ጥጥ ይልቀም ተብሎም ፍርዱ ተረቀቀ፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ሆነ። ጌታው ጥጋቡም በዚያው እሑድ ማታ ከቀበሌው እስር ቤት ገቡ። ባህረዲንና ከበደ፣ አመለጠ የተባለው ሰው እኮ የፊልም ሰው ነው ብለው ሊመሰክሩ መጥተው ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያ እናንተስ ከአዳራሹ ለምን ሮጣችሁ ተብለው ቢጠየቁ፣ ምስክርነታቸውን እዚያው ትተው ሄዱ።

በእስር ቤቱም ጌታው ጥጋቡን የተቀበሏቸው መኳንንት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በስብሰባ መሀል ያንቀላፋ፣ ሌላው ጭብጨባው ካቆመ በኋላ አንድ ጊዜ ያጨበጨበ። ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ የቤቱ ምሰሶ፣ አንደበቷ ከሬት የሚመር፣ በየቀኑ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከምሳው ጋር ወሬ ታመጣ ነበር። ሰኞ ደምመላሽ አንድ ባልዲ ወደ ርስታቸው አስጠጋ፤ ማክሰኞ ሁለት፤ ረቡዕ በርሜሉ ላይ ቀለም የቀባውን የባልዲ ክዳን ዘርግቶ አደረቀ። ታሪክ ጸሐፊ መዋሸት አይገባውምና፣ ጌታው ጥጋቡ በአምስተኛው ቀን አለቀሱ። የፈሩት ጥጡን አይደለም፤ ጥጡን ለቅመው ሲመለሱ የሚቀመጡበት ስፍራ ማጣትን ነው። ያች ሁለት ክንድ ከስንዝር ከሌለች፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የለፉበት ሙያ በትከሻቸው ይዘውት የሚዞሩት ሸክም ብቻ ይሆናል።

በስድስተኛውም ቀን ወይዘሮ በለጥሻቸው በቀበሌው ደጃፍ ቆማ፣ ለሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አወጀች፦

«አመለጠ ያላችሁትን ሰው አሳዩኝና ባሌን ውሰዱት! ሰውዬው ሲኒማ ቤት ነው ያለው። ነገም ይታያል። ሄዳችሁ ብታዩት ምን አለበት?»

ሸንጎውም ተመካከረ። ከአምስቱ መካከል ፊልሙን ለማየት ልቡ ያልቋመጠ ስላልነበረ፣ ‹የስፍራ ምርመራ› ተብሎ በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ወበዕለተ ቅዳሜ፣ የመዶሻው ዝምታ ሰባተኛ ቀን በሆነ ጊዜ፣ ጓድ ደመቀ ከነፋይላቸውና ከነማኅተማቸው፣ አራቱ የሸንጎ አባላት በየማዕረጋቸው፣ ፍስሐ ከነጠመንጃው፣ ጌታው ጥጋቡ እጃቸውን በገመድ ታስረው፣ ወይዘሮ በለጥሻቸውም ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ወደ ሲኒማ ቤቱ ተጓዙ። መብራቱ ሳይጠፋ ጓድ ደመቀ ቆመው አወጁ፦

«ይህ ሕጋዊ ምርመራ ነው። መጮኽም ሆነ ማልቀስ፣ ለእስረኛው ምክር መስጠትም በጥብቅ የተከለከለ ነው!»

ፊልሙም ተጀመረ። ዳኛው አዛጋ፤ ፈረንጁ ተገረፈ፤ ውሃውን አቀበለ፤ ከቆርቆሮው ቤት ገባ። ድንጋዩን አንሥቶ መሀሉን መደብደብ ሲጀምር ጌታው ጥጋቡ ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ደም እስኪወጣ ነከሱ። በሸንጎው ወንበር ግን መቁነጥነጥ ሆነ። አንዱ ሳለ፤ አንዱ ጉልበቱን መታ። በመጨረሻ ጓድ ደመቀ ፋይላቸው ከጭናቸው ወድቆ ወረቀቱ እየተበተነ ብድግ አሉና፦

«መጋጠሚያው ጋ! መጋጠሚያው ጋ ተብለሃል እኮ!»

ውሾቹም ብቅ ባሉ ጊዜ አምስቱም ተነሥተው በአንድ ቃል ‹ሩጥ! መጡ!› ብለው ጮኹ። ፍስሐም እንደገና ሮጠ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ በለጥሻቸው ምሳ ዕቃዋን ከፍ አድርጋ ይዛ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦

«ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ! ባሌ ጮኸ፣ አምስታችሁም ጮኻችሁ። ጠባቂያችሁም ማንን እንደሚያባርር እንጃ፣ ይኸው ሄደላችሁ። ከነገ ጀምሮ ለስድስት ሰው ምሳ ላመላልስ ነው? ሽሮውንስ ከየት ነው የማመጣው?»

ማሽኑ እንዲቆም፣ መብራቱም እንዲበራ ታዘዘ። ሸንጎው እርስ በርሱ ተያየ፤ ማን ማንን እንደሚከስስ እያሰበ ፈራ። ኋላም ጓድ ደመቀ ላባቸውን ጠርገው ፍርዱን አሰሙ፦

«ሸንጎው መርምሮ ደርሶበታል። ጥፋቱ የሰው አይደለም፤ ሰውን የሚያስጮኸው ፊልሙ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ከነጣሳው ይታሰር! ምድጃ ሠሪው ተመክሮ ይለቀቅ! መጨረሻው እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ ግን ወዮለት!»

የፊልሙም አምስት ጣሳዎች በባህረዲን ጀርባ ተጭነው፣ ጌታው ጥጋቡ ከወጡበት ክፍል ገቡ። ተቀባዩም ‹አምስት እስረኛ ተረክቤአለሁ› ብሎ ፈረመ። ጌታው ጥጋቡ ግን ገመዱ ከእጃቸው እንደተፈታ፣ ኮታቸውን ሳይቆልፉ፣ ሰውንና አህያን እየገፉ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ምን አለሽ ተራ ደርሰው፣ የደምመላሽን ክዳን ከበርሜሉ አንሥተው ተቀመጡና፣ የሚሠሩት ምድጃ ባይኖርም ባዶ ጣሳ አጋድመው መዶሻቸውን አሰሙ። ተራው በሙሉ ሰማ። ደምመላሽም ባልዲዎቹን እየሰበሰበ፣ ቦታቸውን ከሌባ የጠበቅኩላቸው እኔ ነኝ ሲል ለአላፊ አግዳሚው አወጀ። ፈረንጁ ከጀልባዋ ይድረስ አይድረስ ግን በመርካቶ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ምን ብለን እናወድሳቸው? የቆርቆሮ ጌታ፣ የምን አለሽ ተራ ዓምድ ጥጋቡ፣ ከጎረቤት ቤት ሰው ሲወሰድ ሰው ሁሉ መስኮቱን ቀስ አድርጎ በሚዘጋበት ዘመን፣ ለማያውቁት እስረኛ በሕዝብ ፊት ቆመው ‹ሩጥ› ብለው ጮኸዋል። የጮኹት ለሸራ ነው የሚል ምቀኛ ቢነሣ፣ እውነቱን ነው። እኛም ሥጋ ለለበሰ እስረኛ የጮኸ ጀግና ካለ የእሱን ዜና እናስቀድም ብለን በየቀበሌው ዞረን ጠየቅን፤ አላገኘንም፤ ከተዘጉትም መስኮቶች አንዷ የራሳችን ናት። ስለዚህ ክብሩም ውዳሴውም ሁሉ ያለ ተቀናቃኝ ለጥጋቡ ሆነ።