ጨረቃ ለሽምግልና የመጣች ምሽት

ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር ያወቀው ይመስለዋል። ዕድሜ ልኳን ባሏን ስታይ የኖረች ሴት «ባሌን አውቀዋለሁ» ትላለች፤ የምትደነግጠው አንድ ቀን ተነሥቶ «ከእንግዲህ ንብ ማነብ ነው ሥራዬ» ሲላት ነው። እኔም ጨረቃን የማውቃት እንደዚያ ነበር። ከተወለድኩ ጀምሮ ከደጄ አልጠፋችም፤ ስትከሳም ስትወፍርም አይቻታለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢያበቃ ምን አለበት? ቀና ብሎ ለማየት ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል?

ነገሩ የተጀመረው በወንድሜ ልጅ በትዕግሥት ነው። ትዕግሥት እናቷ ካረፈች ወዲህ በእኔና በአባቷ እጅ ያደገች፣ አሁን እዚሁ ሚዛን ከተማ ፊዚክስ የምታስተምር ልጅ ናት። ቴፒ የሚሠራ ያዕቆብ የሚባል ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ወደድኳቸው። የቀረው ወንድሜ ገብሬ ብቻ ነበር። ገብሬን እሺ ማሰኘት ግን በክረምት እርጥብ ግንድ ማንደድ ነው፤ ጭሱ ለእናንተ፣ ሙቀቱ ለማንም አይደርስም።

በእኛ ሰፈር ሽማግሌ የሚላከው አመሻሽ ላይ ነው። እምቢ ቢባሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ጎረቤት እንዳያያቸው ተብሎ ነው። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ችግሩ መንገዱ ነው። ከአስፋልቱ ወርዶ እኛ ቤት ለመድረስ በቡናው ሥር ለሥር አልፎ፣ በአንዲት ግንድ ወንዝ መሻገር አለ። ያን ሰሞን ደግሞ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። የሰው ስልክ ሁሉ በድን ሆኗል፤ ሶላሩም በክረምት ደመና ጾሙን ነው የሚውለው። ስለዚህ የያዕቆብ ቤተሰቦች «ቀኑን አንቺው ቁረጪልን» ብለው ሲልኩብኝ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ምሽት ይምጡ አልኩ። እንዴት ያለሁ ብልህ ነኝ እያልኩ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ገበያ ስወጣ፣ ግማሽ ጨረቃ ሰማዩ ላይ ቁጭ ብላ አየኋት። ዛሬ ግማሽ ከሆነች በሳምንቷ ትሞላለች አልኩና ላክሁባቸው። እስቲ ይኼን ማን ይሳሳተዋል?

ሳምንቱ ደረሰ። መሸ። ጨረቃ የለችም። ደመና ነው እንዳይባል ኮከቡ እንደ ቆሎ ተበትኗል፤ የጎደለችው እሷ ብቻ ናት። መቼም ታረፍድ ይሆናል እንጂ አትቀርም እያልኩ በራፍ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከጎረቤታችን ከእማማ ብርቄ ግቢ የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። ለካ ሰዎቹ ግንዷን በእንብርክካቸው ተሻግረው፣ እጃቸው የነካውን የመጀመሪያ በር አንኳኩተው፣ ንግግራቸውን ጀምረውታል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ማቴዎስ ዘር ቆጥረው፣ ፈጣሪን ጠርተው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡልን» ብለው አሳረጉ። እማማ ብርቄ አንዲት ቃል ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እኔ እንኳ ልጅ የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት ጊደር ናት። ለእሷ ከሆነ የመጣችሁት፣ ዓርብ ገበያ ላይ ብንነጋገር ይሻላል» አሏቸው።

ይህን እኔ ብቻ ብሰማው መልካም ነበር። ገብሬም ሰማ። ልጄን ከጊደር ለይተው ለማያውቁ ሰዎች በሬን አልከፍትም ብሎ ቀረቀረው። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ «ጊደሪቱ እሺ አለች ወይ?» እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ። ከስንት ልመና በኋላ ወንድሜ፣ «አሮጌው ዓመት ሳያልቅ አንድ ጊዜ ይምጡ። ያኔም እምቢ ካልኩ ግን ይህ ነገር ዳግመኛ በቤቴ እንዳይነሣ» አለ። ትዕግሥት ወሬውን ሊሰማ የመጣውን ያዕቆብን እስከ መናኸሪያ ሸኝታ ተመልሳ ሽንኩርት ልትከትፍ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ ካለቀ በኋላም ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ጥፋቱ የጨረቃ ነው ብዬ ተሟገትኩ። ትዕግሥት አንድ ሻማ አበራች፤ ከጓዳም ድቡልቡል ጎደሬ አመጣች። ሻማው ፀሐይ ነው፤ ጎደሬው ጨረቃ ናት፤ ያንቺ ጭንቅላት ደግሞ ምድር ነው አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ምድር ሆኜ ስሾም የመጀመሪያዬ ነው፤ ሻሼን አስተካክዬ ተነሣሁ። ጎደሬውን በእጄ ይዤ፣ ቀስ እያልኩ በቦታዬ ስዞር ጉዱን አየሁት። ወደ ሻማው ስዞር ወደ እኔ ያለው የጎደሬው ፊት ጨለማ ነው፤ ብርሃኑ በስተጀርባው ቀርቷል። ጎን ስሆን ግማሹ ይበራል። ለሻማው ጀርባዬን ስሰጥ ሙሉው በራ። ጨረቃ ለካ ከስታም ወፍራም አታውቅም፤ ሁልጊዜ ግማሿ ብርሃን ነው፤ የሚለዋወጠው እኛ የምናየው ድርሻ ነው።

«ታዲያ ጠዋት ያየኋት ግማሽ ምን ሆና ነው?» ብላት፣ ከሰዓት በኋላ ወጥታ ማታ የምትታየው ግማሽ ናት የምትሞላው፤ ጠዋት ያገኘሻትማ ድግሱን ጨርሳ ወደ ቤቷ የምትመለሰዋ ናት፤ በሳምንቷ ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ስለምትገባ አትታይም አለችኝ። ተመልከቱ፣ እኔ ሽማግሌ የቀጠርኩት ከድግስ በምትመለስ ጨረቃ ነው።

ጀርባዬን ለሻማው ሰጥቼ ጎደሬውን ዝቅ ሳደርገው ግን ጠቆረብኝ። ሳቀችና፣ የራስሽ ጥላ ነው አክስቴ፣ ግርዶሽ የሚባለው ይኼው ነው፤ ጨረቃ ብዙውን ጊዜ ከጥላችን ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ታልፋለች፣ አንዳንዴ ግን ትገባበታለች አለችኝ። እኔ ይኼንን በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ባሕርንም ትጎትታለች ስትለኝ ነው የነቃሁት። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግን ውኃው በየቀኑ ወደ ዳር ይወጣና ይመለሳል፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ደግሞ ፀሐይም ታግዛትና ጉተታው ይበረታል አለችኝ። ያን የሚያህል ውኃ ከጎተተች ምናለ አባትሽን ከወንበሩ ብትጎትትልን አልኳት። ከዚያ ሁሉ እንባ በኋላ ከልቧ ሳቀች። ሻማችንም ትምህርቱ ሳያልቅ አለቀ።

ቀኑን እሷ ቆረጠችው። «ሙሉ ጨረቃ ነው አይደል የምትፈልጊው አክስቴ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ሙሉ፣ ቅንጣት ያልጎደላት አልኳት።

እውነትም ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ በወዲያ በኩል ድብልብል ብላ ወጣች። ዝናቡ ሰማዩን አጥቦት ነበር። ሽማግሌዎቹ ጫማቸው ሳይቆሽሽ ገቡ። ጋሽ ማቴዎስ አሁንም ዘር ቆጠሩ፤ ገብሬም አዳመጠ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ፤ መልሴ ግን ያው ነው። ጨረቃዋ ሳለች ብትሄዱ ይሻላችኋል» አለ። በቃ። ትዕግሥትን ላያት አልደፈርኩም። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

ግቢ ስንወጣ ጨረቃ ከአንድ ጎኗ ተገምጣለች። ዓይናችን እያየ ትሸራረፍ ጀመር። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ፤ እማማ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ጸሎት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ወደ ግንዷ አዩ፤ ግንዷ ግን አትታይም። ገብሬ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንግዳ በጨለማ ወደ ወንዝ አይሰድም። እያጉረመረመ «ግቡ እንግዲህ፣ እስኪለቃት ተቀመጡ» አለ። መብራቱ ገና አልተመለሰም፤ ሻማም የለም፤ በላነው አይደል? ጨረቃዋ እንደ በሰለ እሸት ቡና ቀልታ፣ እኛ ተፋጠን የማንተያይ ሰዎች ሆነን ተቀመጥን።

ትዕግሥት ከጥግ ሆና አይዟችሁ፣ የኛው የምድር ጥላ ነው አለች። ታዲያ ለምን ቀላች ቢሏት፣ በዚህች ሰዓት በምድር ዙሪያ ሁሉ ፀሐይ ለምትወጣላቸውና ለምትጠልቅባቸው ሰዎች የምትሰጠው ብርሃን ተርፎ እየደረሳት ነው አለቻቸው። ጋሽ ማቴዎስ፣ «ያኔ በር ተሳሳትን እንጂ ልጅ አልተሳሳትንም» አሉ፤ ቀጥለውም ጊደሪቱን እንዴት አክብረው እንደጠየቁ ራሳቸው ያወሩ ጀመር። በጨለማው ውስጥ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ገብሬ ነበር። ብርሃን ቢኖር ይታነቅ ነበር እንጂ አይስቅም።

ሳቁ ሲያልቅ ድምፁ ቀነሰ። «ልጁን ጠልቼው አይደለም» አለ። «ቴፒ ሩቅ ነው። ከእሷ ወዲያ ይህን ቤት የሚያሞቀው የለም።» ይህንን በወንድሜ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ጋሽ ማቴዎስም፣ «ጠዋት መኪና የያዘ ለምሳ የሚደርስበት አገር ሩቅ ነው እንዴ፣ ገብሬ? እኛ እኮ ልንወስድባችሁ አልመጣንም፤ ልጅ ልንጨምርላችሁ ነው» አሉት። ከዚያ ከጨለማው ውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ መጣ። «ማነው እሺ ያለው?» አሉ ጋሽ ማቴዎስ፤ አንዴ በር የተሳሳተ ሰው ይጠነቀቃል። «እኔ ነኝ፣ አባቷ» አለ። ጨረቃ ተመልሳ ስትወጣ ትዕግሥት አንገቱ ላይ ነበረች፤ ዓይኑ ደግሞ ሽንኩርት የከተፈ ይመስል ነበር።

እሑድ ቸርች ተነሥቼ፣ እግዚአብሔር ጨረቃን አጥፍቶ ወንድሜን አበራልኝ ብዬ መሰከርኩ። ስወጣ ትዕግሥትን ጠጋ ብዬ፣ ይኼ ነገር እንደሚመጣ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። «አክስቴ፣ ሙሉ ጨረቃ ነው ያልሽኝ፤ ሙሉ ነበረች» አለችኝ። «አባባ ደግሞ እንግዳ በጨለማ አይሸኝም።»

አሁን የሰርጉንም ቀን ቁረጪ ተብያለሁ። ከእንግዲህ ከጨረቃ ጋር አልነካካም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእኩለ ቀን ይሁን ብዬ አወጅኩ። ትዕግሥት ከት ብላ ሳቀችና፣ ፀሐይም እኮ ትጋረዳለች አለችኝ። ደግሞ እሷን የሚጋርዳት ማን ነው ብላት፣ ጨረቃ ናት አለችኝ።

እንግዲህ ከመጣች ትምጣ። ባለውለታችን ናት፤ ወንበር አናጣላትም።