አህያውን አንቱ ያስባልኩ ለት

ይህን ካመናችሁኝ ጆሮዬን ቁረጡት። አንዲት ፈረንጅ በቅዳሜ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አህያን አንቱ ብላለች። ያስባልኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ፈረንጆች መጡ። ታዲያ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ስልጠና አላቸው። ስለ ምን መሰላችሁ? ነጭ አስተማሪ ጥቁር ተማሪን እንዳይንቅ! ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ አውቃለሁ። መናቅ እኮ ያለ አስተማሪ ይቻላል፤ አለመናቅ ግን ሰርተፊኬት አለው ለካ።

ከመሐላቸው ሚስ ሊንዳ የምትባለው ጭንቅ ጥብብ ብሏታል። የመጨረሻው ፈተና ገበያ ወጥቶ ያገኙትን ሁሉ በአክብሮት ማናገር ነዋ! አሰልጣኟ ደብተር ይዛ ከኋላ ትከተላለች። የወደቀ ክፍል የለውም፤ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ። ሚስ ሊንዳ ደግሞ መሄድ አትፈልግም። የተማሪውን ስም ሁሉ ሸምድዳለች፤ "ጥጋቡ" የሚለውን የአንዱን ተማሪ ስም አስተካክላ እስክትጠራ ድረስ ምራቋ ፊቴን አጥቦኛል። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለሆነ እኔ ጋ መጣች። በእናንተ አገር ሰው እንዴት ይከበራል አለችኝ።

ሰይጣን ሹክ አለኝ። ሁሉንም አንቱ በይ አልኳት። ልጁንም? ልጁንም። እንስሳውንስ? እሱንማ በተለይ!

ቅዳሜ ደረሰ። መጀመሪያ ያገኘቻት አንዲት ሚጢጢ ናት። "አንቱ፣ ንፍጥዎን ይጥረጉ" አለቻት። ሚጢጢዋ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ቀጥሎ ከብልባላ መንደር ገብስ ተጭኖ የመጣ አህያ መንገድ ዘጋባት። ጎንበስ አለችና "አንቱ፣ እባክዎ ያሳልፉኝ" አለችው። አሳለፋት እኮ!

ባለቤቱ ዱላውን ጣለው። "ኧረ በላሊበላ! ሚስቴ እንኳ አንቱ ብላኝ አታውቅም፤ አህያው ቀደመኝ!" ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔማ ሆዴን ይዤ የሰው ጆንያ ላይ ወደቅሁ።

ከዚያ ጥሩነሽ ጋ ደረሰች። ጥሩነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ፀጉሯ ጥጥ መስሏል። ግን ማንም አንቱ አይላትም፤ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላላ! ድስቷን እንገዛለን፣ ዓይኗን እንሸሻለን። እኔ ራሴ "አንቺ ጥሩዬ፣ ይቺን አቀብይኝ" ነው የምላት።

ሚስ ሊንዳ ፊቷ ቆመች። "እንደምን ዋሉ፣ እማማ?"

ጥሩነሽ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም የለም።

"እኔን ነው?"

"አዎ፣ እርስዎን።"

ብድግ አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ እንደምን ዋልሽ?" አለች፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው።

አንዱ ጨው ሻጭ "ደሞ እሷን አንቱ!" ብሎ ሳቀ። ለአህያው ከሳቀው በላይ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ እምቢ አለኝ።

አሰልጣኟ መጣችብኝ። ሊንዳ ምን አጥፍታ ነው የሚስቁት አለችኝ። ዝም ብል ሊንዳ ሻንጣዋን ልትሸከም ነው። ኧረ እኔ ነኝ ያታለልኳት፣ አህያ አንቱ አይባልም አልኩ። እሺ የአህያውስ ይሁን፣ ሴትዮዋስ አለች። እሷም አትባልም አልኩ። ለምን? ቀለሟ ሌላ ነው? ኧረ እንደኔው ናት! ሃይማኖቷስ? አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንስም። ታዲያ?

ታዲያማ... መልሱን በእንግሊዝኛ አጣሁት። በአማርኛ ፈለግሁት፤ እዚያም የለም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሏት ሴትዮ ለካ እኔ ነኝ!

ሚስ ሊንዳ አለፈች። አሁን "ጥጋቡ!" እያለች ክፍሉን በምራቅ ታርሳለች። የወደቅሁት እኔ ነኝ። አሰልጣኟ ስሜን ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ይኸው በየሳምንቱ ከነጮቹ መሐል ተቀምጬ አለመናቅ እማራለሁ። ብቸኛዋ ጥቁር ሰልጣኝ!

በሉ፣ ወሬውን ላልሰማ አሰሙልኝ። አደራ ታዲያ፣ ስታወሩ እንደ እኔ "ጥሩነሽ ብድግ አለች" እንዳትሉ። እማማ ጥሩነሽ ብድግ አሉ።