የሙሾው ባለቤት

በቅድሚያ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌ ነፋስ የመታው ገብስ ይመስላል፤ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ትምህርቴም ገና ከስምንተኛ ክፍል ብዙ አልራቀም። የምጽፈው ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው። ሲጠሩኝ እንኳ «አቤት» የምለው በሆዴ ነው።

የምንናገረው ቃል የማን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስቆጣ የምቆጣው በእናቴ አፍ ነው፤ ስምል የምምለው በአባቴ መሐላ ነው። በየቃሉ ጎን «ከእገሌ የተወሰደ» እያልኩ ብጽፍ የኔ የምለው ማስነጠሴ ብቻ ይቀራል። እሱም የአያቴን ይመስላል ይሉኛል።

የአማርኛ መምህራችን ቲቸር አስፋው ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ አካባቢያችን ልማድ ድርሰት አዘዙን። «ከሰው የወሰዳችሁትን ከማን እንደወሰዳችሁ ጻፉ። ሰርቆ ለጻፈ ዜሮ ነው» አሉ። ድርሰቱ ብዙ ማርክ ነበረው። አባቴ ደግሞ ከመንደራችን ከአምባራስ ደባርቅ አክስቴ ዘንድ ሲልከኝ «ከወደቅሽ ትመለሻለሽ» ብሎኛል። ስመለስ የሚጠብቀኝንም አውቃለሁ፤ ለጋብቻ ሽማግሌ የላከ ሰው ነበር።

የክፍላችን ልጆች ስልክ ላይ ያገኙትን ገለበጡ። ሀብታሙ የሚባለው ልጅማ «ለተጨማሪ መረጃ እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ሳያስቀር ገልብጦ፣ ከታች «ምንጭ፦ እኔ ራሴ» ብሎ ጻፈ። ቲቸር ወረቀቱን በጣታቸው ጫን አድርገው «ይኸው ተጫንኩ፤ መረጃው የታለ?» ሲሉት ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

እኔ የጻፍኩት ስለ አክስቴ ስለ ደብሬ ነው። አክስቴ አልቃሽ ናት፤ ከደባርቅ እስከ ዳባት ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት። አንድ ደንብ አላት፦ ለአንድ ሟች የወጣ ግጥም የሟቹ ነው። ወደ ሌላ ለቅሶ ስትወስደው አስቀድማ ባለቤቱን ትጠራለች፤ «ይኼ የአባ ወልዴ ነው፤ ተውሼ ነው» ትላለች። ካልጠራችው ሟቹ ራሱ መጥቶ ይጠይቃታል። ቲቸር አስፋው የሚሰጡት ዜሮ ነው፤ የአክስቴ ሙታን ምን እንደሚሰጡ ግን አይታወቅም።

በአንድ ለቅሶ ብቻ አፏን አልከፈተችም፤ በራሷ ልጅ። ብርቄ የተሳፈረችበት ኢሱዙ ሊማሊሞ ላይ ገደል ሲገባ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። «ለሰው ሁሉ አልቅሳ ለልጇ አፏ ተያዘ» እያለ አገሩ አማት።

በድርሰቴ መጨረሻ ላይ አንድ ሙሾ ጻፍኩ፦

ጉሙ ወረደና መንገዱን ሸፈነው፤
ጠርተሽኝ ስመጣ ድምፅሽ ከወዴት ነው?

ከጎኑም «ከአክስቴ» አልኩ። በእኛ አገር ሙሾ ከሰማችሁ የአክስቴ ነው፤ ሌላ የማን ይሆናል?

ቲቸር ግን ምንጭ ያጣራሉ። አክስቴን ትምህርት ቤት አስጠሯትና ግጥሙን አነበቡላት። «እትዬ ደብሬ፣ ይኼ የእርስዎ ነው?»

አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ፀሐዩ ጠራራ ነበር፤ እኔን ግን በረደኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ከማን ሰማሽው?» አለችኝ።

«ከአንቺ መስሎኝ...»

«ከኔ? ይኼ እኮ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለብርቄ ያሰብኩት ነው። አሰብኩት እንጂ አላልኩትም።»

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። «እንግዲያው የእርስዎ ነው ማለት ነው?»

«የኔ ነው። ግን አልሰጠኋትም።»

«ታዲያ ሰረቀች ልበል?»

«ከየት ትስረቀው መምህር? ከሆዴ?»

ለዚህ የሚሆን ሕግ ቲቸር አልነበራቸውም። «ባለቤቱ ከታወቀ ይበቃል» ብለው ማርኬን ጻፉ። አለፍኩ። ወደ አምባራስም ሳልመለስ ቀረሁ።

አክስቴ ግን አልተወችኝም። ሽንኩርት ስልጥ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ከኋላዬ ትመጣና «ከማን ሰማሽው?» ትላለች። «በእንቅልፍ ልብሽ ስትዪው ሰምቼ ይሆናል» አልኳት። ያመነች መሰለች። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፏን ቀነሰች፤ ሙሾው ከአፏ እንዳያመልጣት ነው መሰለኝ።

እኔ ግን የሰማሁት ሊማሊሞ ላይ ነው። ድርሰቱ ከመታዘዙ በፊት፣ ከንግሥ በዓል ስመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ ጉም ወረደብኝ። መኪኖች ሳይታዩ ጡሩምባቸው ብቻ ያልፋል። እስኪገለጥ ብዬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከበታቼ ሴት ስታንጎራጉር ሰማሁ። እንጨት ለቃሚ መሰለችኝ። እየደጋገመች ስላለችው ግጥሙን ያዝኩት። ጉሙ ሲገለጥ ወደ ታች አየሁ። ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ዝንጀሮ እንኳ የሚቆምበት የለም። ድምፅ ከሩቅ ይመጣል ብዬ ራሴን አታለልኩና መንገዴን ቀጠልኩ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። የሰማሁት ሙሾውን ብቻ አልነበረም። ሙሾው ሲያልቅ ያው ድምፅ ለራሱ መለሰ፦ «እዚህ ነኝ እማዬ፤ ውረጂ።»

ይኼን ብትሰማ አክስቴ አንድ ቀን አታድርም፤ ትወርዳለች። ማንበብ አትችልም፤ ተመስገን። እናንተ ግን እባካችሁ፣ እሷ ባለችበት ጮክ ብላችሁ አታንብቡት።