የሺ ደምሴ ወደቀች

በአገራችን ያለ ፈቃድ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ አስተያየት መስጠት። ሥጋ ቤት ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባጃጅ ለመንዳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኔም መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ላለችኝ የባጃጅ ጋራዥ በየዓመቱ ፈቃድ አሳድሳለሁ። ቡድን እንዴት እንደሚሰለፍ፣ አገር እንዴት እንደሚተዳደር፣ የድሮ ንጉሥ የቱ ላይ እንደተሳሳተ ለመናገር ግን የሚጠይቅህ የለም። ቢጠየቅ ኖሮ የፈቃድ ፈላጊው ሰልፍ ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ ይደርስ ነበር። እኔም ከፊት እሰለፍ ነበር።

ሚስቴ አስካለ በዚህ ጠባዬ ደስተኛ አይደለችም። የሰው ፍሬን ስትጠግን ትውላለህ፣ ለራስህ ምላስ ግን ፍሬን አልገጠምክለትም ትለኛለች። ትክክል ናት። ቢሆንም ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ስለ ዛሬ ፖለቲካ በአደባባይ አላወራም። ፈርተህ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ፈርቼ ነው። ለዚህ ነው ወደ ነገሥታቱ የዞርኩት። የሞተ ንጉሥ ስልክ አይደውልም፣ ለስብሰባ አይጠራህም ብዬ። ይህም ስሕተት ኖሯል። አንድ ቀን ጎማ እየፈታሁ ስለ አንድ የጥንት ራስ ፈሪነት ሳብራራ፣ ባለ ባጃጁ ፊቱ ጠቆረና፣ ቅድመ አያቴ ናቸው፣ ጎማዬን መልስልኝ አለኝ። ባጃጁን ሳላበጅለት ይዞት ሄደ። እዚህ አገር ንጉሥና ራስ ይሞታሉ እንጂ ዘመድ አያጡም።

ስለዚህ ዋናው ሙያዬ የኮሌጅ ኳስ ሆነ። የከተማችን ጎረምሳ ሁሉ በየቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩሎ ለአውሮፓ ቡድን ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። ምን ዋጋ አለው? ያ አጥቂ አንተ መርሳ ላይ ሆነህ ብትሰድበው ይሰማል? ያልተሰማ ነቀፋ ምኑ ነቀፋ ነው? የኮሌጃችንን አጥቂ ግን ቅዳሜ ነቅፈኸው እንደሆነ ሰኞ መንገድ ላይ ሰላምታ ይነሣሃል። ቁም ነገር ማለት ይህ ነው።

ከኮሌጁ ቡድኖች ደግሞ የሴቶቹ ይበልጡብኛል። አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋሉ፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ወንዶቹ ክርናቸውን ሲነኳቸው መሬት ላይ ተንከባለው ምጥ እንደያዛት ሴት ያቃስታሉ። ሴቶቹ ግን አቧራቸውን አራግፈው ይሮጣሉ።

ባለፈው በጋ፣ በገበያ ቀን፣ የወልድያ ሴት ተማሪዎች በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተጭነው እኛ ኮሌጅ ለግጥሚያ መጡ። የስፖርቱ መምህር ብርሃኑ ጠዋት ጋራዤ ድረስ መጥቶ፣ የድምፅ ማጉያው ባትሪ ስለሞተበት አንድ እንዳውሰው ለመነኝ። የጭነት መኪና ባትሪ ነበረኝ። ባትሪዬ ያለ እኔ የትም አይሄድም ብዬው አብረን ሄድን። ሜዳው ስንደርስ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ተማሪ ጉሮሮው ተዘግቶ እንደ ድመት ይነፋነፋል። ብርሃኑ ልጁን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ጋሽ ወርቁ» አለኝ፣ «ኳሱ ማን እግር ሥር እንዳለ ብቻ ይናገሩ። ፖለቲካ የለም። ታሪክም የለም።»

«በሚካኤል!» ብዬ ማልኩለት። ስምንት ደቂቃ ያህል መሐላዬን ጠበቅኩ።

በመጀመሪያ የማጉያውን አፍ ወደ ገበያው አዞርኩት፤ ሕዝቡ ሰምቶ ይምጣ ብዬ ነው። ቀጥሎ ዳኛው ዓይኑ ሥር የተሠራ ጥፋት አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ፣ ተጫዋች ሲያጠፋ ዳኛ ፊሽካ ይነፋል፣ ዳኛ ሲያጠፋስ ማን ይነፋል፣ ይህ የሜዳ ጥያቄ ብቻ አይመስለኝም አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ብርሃኑ ከመስመሩ ዳር ሁለት እጁን አወናጨፈ። ከዚያ ኳሷ ከሜዳው ማዶ የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ገባች። ተፈልጋ እስክትመጣ ዝም ይባላል እንዴ? ያን ከባድ መድፍ በዚሁ በወሎ ተራራ ላይ ያስጎተተውን ንጉሥ አነሣሁ። ልበ ሙሉ አጥቂ ነበር አልኩ፤ ችግሩ ለማንም ኳስ አያቀብልም፣ ሁሉንም እኔ ልምታ ይላል፣ ኋላ ዘወር ሲል ተከላካይ የለውም። ይህን አስተያየቴን እስከ ዛሬ አልቀየርኩም።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ሌላ ነው። ብርሃኑ የሰጠኝ ዝርዝር ላይ የልጆቹ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። በአንድ ስም የሚጠራ በሬ ነው፣ ሰው ከነአባቱ ይጠራል ብዬ፣ እያንዳንዷን ከነአባቷ፣ ካወቅኩም ከነአገሯ አነሣኋት። ከተከላካዮቹ መሀል የሺ ደምሴ የምትባል ስድስት ቁጥር አለች። ከመርሳ በላይ ካለው ደጋ የመጣች፣ የእንስሳት ሕክምና የምትማር፣ ረጅም ቀጭን ልጅ ናት። ስሟን ከነአባቷ በጠራሁ ቁጥር ወደ እኔ እየዞረች እጇን በጉሮሮዋ ላይ ታሳልፋለች። ተጋጣሚዋን ዛሬ እንደምታርድ እየዛተች ነው ብዬ ለተመልካቹ አስረዳሁ። ተመልካቹ አጨበጨበላት። ለካስ በማርያም ዝም በልልኝ ማለቷ ኖሯል። ኳስ እንደምትጫወት ቤተሰቧ አያውቅም።

ከእረፍት በኋላ አንድ ለዜሮ እየተመራን ሳለ፣ አንዲት የወልድያ አጥቂ ኳሱን እየነዳች መጣችባት። ተላተሙ።

«የሺ ደምሴ ወደቀች!» ብዬ በሙሉ ሳንባዬ ጮኽኩ።

ቀጥዬም ተነሣች፣ ምንም አልሆነችም፣ ጎበዝ ብያለሁ፤ ምስክር አለኝ። ግን ነፋስ የሚወስደውን የሚመርጠው ራሱ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ያን ቀን አፋፉ ከብት ተራው ነበር።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ሽማግሌ በሬ ይዘው ሜዳው ዳር ብቅ አሉ። እሳቸው በሬውን ይጎትቱ፣ በሬው እሳቸውን ይጎትት አልለይ አለኝ፤ ሁለቱም ይሮጡ ነበር። ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጠርጋል። በሰው መሀል ሰንጥቀው በቀጥታ እኔ ጠረጴዛ ጋ መጡ።

«የሺ ደምሴ እያልክ የጠራህ አንተ ነህ?»

«አዎ አያ፣ ደህና ዋሉ፣ ይቀመጡ» አልኩ ብድግ ብዬ።

«አልቀመጥም። ሬሳዋ የት ነው?»

እኔ ቃል ጎድሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ጎደለኝ። በእሳቸው አገር የሰው ስም በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲጠፋ ወይም ሲሞት ነው። በገበያው መሀል በሬያቸውን ይዘው ቆመው ሳለ የልጃቸው ስም ከሰማይ መጣ፤ ወደቀች ተባለ፤ ከዚያ ነፋሱ ዝም አለ። ያን ሁሉ መንገድ የሮጡት ሬሳ ሊያነሡ ነው።

በጣቴ ሜዳውን አሳየኋቸው። «ያቻትና አያ፣ በሕይወት አለች።»

አዩ፤ አላገኟትም። ለካ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ነው የሚፈልጉት። ያቺ ረጅሟ፣ ቢጫ ማሊያ የለበሰችው አልኳቸው። በዚያው ቅጽበት እሷም አየቻቸው። እንደ ችካል ቀጥ አለች። ኳሷ በእግሯ ሥር አለፈች፤ የወልድያ ልጆችም ሁለተኛውን ጎል አገቡ። ማንም አልጮኸም፤ ያገባችው ልጅ እንኳ ዘወር ዘወር ብላ ምን ተፈጠረ አለች።

አያ ደምሴ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። የበሬውን ገመድ ሳይለቁ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔም ወደ ሌላ በኩል ዞሬ ባትሪውን የማይ መሰልኩ። ትንሽ ቆይተው ጋቢውን ገለጥ አደረጉና ልጃቸውን እንደገና አዩዋት። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ።

«ታዲያ ልብሷን ማን ወሰደባት?» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ማጉያውን አልዘጋሁትም ነበር። ሬሳዋ የት ነው የሚለውም፣ የልብሷም ጥያቄ፣ ሁሉም በጭነት መኪና ባትሪ ኃይል መርሳን አዳርሷል። ከብት ተራ ላይ ሻጭና ገዢ የዋጋ ክርክሩን ትተው ጆሯቸውን አቁመው ይሰሙ እንደነበር ኋላ ተነገረኝ።

ዳኛው ጨዋታውን አቆመ። የሺ መጣችና ከአባቷ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። የማሊያዋን ጫፍ ወደ ጉልበቷ ትስበዋለች፤ ማሊያው ግን እዚያ አይደርስም።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ትምህርቱን ተውሽው?»

«አልተውኩም። ከክፍሌ ሁለተኛ ነኝ። ይሄ ከትምህርት በኋላ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ያስቀሩኛል ብዬ።»

«አስቀርሽ ነበር» አሉ፤ አልዋሹም።

ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታ ሳይ እኔ ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ። አያ፣ ልጅዎ እኮ ብዬ ስጀምር፣ «አንተ ዝም በል!» አሉኝ። ማጉያው ይህንንም አላስቀረም። ከገበያው በኩል እልልታ የሰማሁ መሰለኝ፤ አስካለም እዚያ ነበረች።

አያ ደምሴ ሜዳውን፣ ቆመው የሚጠብቁትን ልጆች፣ ፊሽካውን የያዘውን ዳኛ ተራ በተራ አዩ።

«አልቋል?» ብለው ጠየቁ።

«ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል» አለ ብርሃኑ፤ እግረ መንገዱንም የማጉያውን ሽቦ ነቀለ።

አያ ደምሴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታዲያ እዚህ ምን ያቆምሻል? ፈር ተጀምሮ መሀል ላይ በሬ ይፈታል?»

የሺ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷን በማሊያዋ ጠርጋ ሮጠች። በዚያ ሃያ ደቂቃ በእሷ በኩል ያለፈ ሰው የለም። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን እንጂ ሦስተኛ አልገባብንም። አባትየው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዷ ስትገፋት፣ ዱላቸውን ጨበጥ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ከጨዋታው በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ግድ ነበር። ብርሃኑ ሁለት ሽማግሌ ፈልጎ አመጣና ኮሌጁ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ተነሥቼ ጥፋቴን አመንኩ። ባልሳሳት ነፋሱንም ትንሽ ወቅሻለሁ። አያ ደምሴ ጨርሼ እስክቀመጥ ጠበቁኝ።

«ይህ ሰው ሩብ ሰዓት ሙሉ ልጄን ገድሎብኛል» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ከገበያው እዚህ ድረስ በመንገዴ ሁሉ አልቅሼ ቀብሬአታለሁ። የት እንደምቀብራት፣ ለእናቷ ምን ብዬ እንደምነግር ሳስብ ነው የመጣሁት።»

ተነሥቼ ደግሜ እጅ ነሣኋቸው።

«ልጄ ትጫወት» አሉ ቀጥለው። «ቁምጣውን አልወደድኩትም፤ ግን ትጫወት። በሕይወት ካለች ምን ቸገረኝ። ይህ ሰው ግን ልጄ ባለችበት ሜዳ አፉን እንዳይከፍት። ይምጣ፣ ይይ፣ ዝም ብሎ ይሂድ። ቃል የተናገረ ዕለት ልጄን አስወጣታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ብርሃኑ ተስማማ። እንዲያ በፍጥነት ያለቀ ሽምግልና በሕይወቴ አላየሁም። ምናለ ሌላው የአገር ጉዳይም እንዲህ ቢያልቅ የሚል አስተያየት ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ጉልበታቸውን ስሜ ማልኩ።

ቃሌን ጠብቄአለሁ። ጨዋታ ሲኖር እሄዳለሁ፣ ጥግ ይዤ እቆማለሁ፣ አልናገርም። ታመሃል ወይ የሚሉኝ አሉ። አንዲት እናትማ ጸበል እንድጠመቅ መከሩኝ። አያ ደምሴም አይቀሩም። ለገበያ ነው የመጣሁት ይላሉ፤ የሚሸጥ ነገር ይዘው ግን አይቻቸው አላውቅም። እኔ አጠገብ ይቆማሉ፤ እንዳልናገር ሊጠብቁኝ ይመስለኛል።

በቅርቡ የወልድያ ልጆች እንደገና መጡ። አንድ ለአንድ ሆነን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ የሺ ከራሷ ሜዳ ኳስ ነጠቀች። አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን አለፈች፣ ከሩቅ አክርራ መታችው። በረኛዋ ዘላ አልደረሰችበትም። መረቡ ተወጠረ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ብርሃኑ ኮፍያውን ወረወረ። አያ ደምሴ ዱላቸውን ሰማይ ላይ እየነቀነቁ በዕድሜያቸው የማይዘለል ዝላይ ዘለሉ። እኔ መሐረቤን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

አያ ደምሴ ዘለው ሲያርፉ ወደ እኔ ዞሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ልጄ እንዲህ ስትሠራ እያየህ ዝም ትላለህ?» አሉኝ። «አንተ ምቀኛ!»