የሊቀ መንበሩ አንገት

ጭንቅላት ስለማሰቡ፣ ልብ ስለመውደዱ፣ ሆድም ስለመቻሉ ብዙ ተብሎላቸዋል። አንገት ግን ያን ሁሉ ጭንቅላት ከነሐሳቡ ተሸክሞ ሲኖር፣ አንድ ቀን እንኳ የምስጋና ቃል ቀርቦለት አያውቅም። ይህ ግፍ የታረመው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በምትገኘው በሪችፊልድ ከተማ ነዋሪ በአቶ በሪሁን ነው። አንገት በአንድ ማኅበር ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ክብር እንዴት እንዳገኘ፣ ለነገሩ በሚመጥን ጨዋነት እንተርካለን።

አቶ በሪሁን ብሉሚንግተን ካለ አንድ ሆቴል ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርትም ወደ ሆቴሉ እንግዳ የሚያመላልሱ የቫን ሾፌር ናቸው። ሥራው ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሕዝብ ማገልገል ደግሞ ስልክ ይፈልጋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አፓርትመንት ሲለቀቅ፣ የሰው መኪና በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር የሚደወለው ለእሳቸው ነበር። ስለዚህ ስልኩን በቀኝ ትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል ቆልፈው፣ ራሳቸውን ወደ ጎን አዘንብለው፣ እያስታረቁ ለዓመታት ነዱ። በዚህ አኳኋን የዳነ ትዳር ብዙ ነው፤ የአንገታቸውን ደኅንነት የጠየቀ ግን አልነበረም።

ማኅበራቸው በየወሩ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ውስጥ በተከራየው አዳራሽ የሚሰበሰብ መረዳጃ ማኅበር ነው። እዚያ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር የለም። እጅ ማውጣት ሰው ይከፋፍላል ተብሎ ድሮ ቀርቷል። ሊቀ መንበሩ አቶ ኪዳኔ ሐሳብ አቅርበው «እንግዲህ ተስማምተናል» ይላሉ፤ አዳራሹ ራሱን ይነቀንቃል፤ ውሳኔው ጸደቀ ማለት ነው። ከሁሉ ቀድመው የሚነቀንቁት አቶ በሪሁን ነበሩ። አንዳንዴማ ሐሳቡ ተነግሮ ሳያልቅ ነቅንቀው ይጨርሱ ነበር።

አንድ የጥር ማለዳ ታዲያ የቫኑን ቁልፍ ሊያዞሩ ሲሉ የቀኝ እጃቸው ጣቶች እምቢ አሉ። ደንዝዘዋል። አቶ በሪሁን ፈሩ። ሾፌር ከእጁ በቀር ምን ንብረት አለው?

ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ አሳያቸው፤ ልጃቸው ማዕዶት አስተረጎመች። በአንገት አጥንቶች መካከል ውኃ ያዘሉ ትናንሽ ትራሶች አሉ፤ ዲስክ ይባላሉ። ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃሉ፣ ይሳሳሉ፤ ይህ ሁላችንም የምንደርስበት ነው። አንገቱን አጣሞ የሚውል ሰው ግን ቀኑን ያስቀድመዋል፤ የሳሳው ዲስክ ነርቭ ሲጫን ደግሞ እጅ ይደነዝዛል። ክሪስተን የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቀጠለችበት። ስልኩ ከትከሻ ይውረድ፤ የቫኑ ወንበር ቀና ይበል፤ የሚተኙበት የትራስ ክምር ወደ አንድ ይቀነስ፤ እንግዳ ባወረዱ ቁጥር ወርደው ይንጠራሩ። ከሁሉ በላይ አገጫቸውን ወደ ኋላ ሳብ፣ መለስ እያደረጉ አንገታቸውን ያሠሩት። ይህ ካልሆነ መሪ መያዝ ሊቀር፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና ሊመጣ ነው። ሕመሙ ሲብስ የሚደረግ የስፖንጅ የአንገት ድጋፍም ሰጠቻቸው፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ብላ።

ከዚህ ሁሉ ምክር አቶ በሪሁን ከልባቸው የተቀበሉት የአንገት ድጋፉን ነው። የተባለውን እንቅስቃሴ መስታወት ፊት አንድ ጊዜ ሞከሩት፤ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ አዩ። ያን ሁሉ ቤት ያስታረቀ ሽማግሌ ዶሮ ሊሆን አይገባም ብለው ተዉት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድጋፉን አጥልቀው ገቡ። አዳራሹ ብድግ አለ። «ጌታ ይማርዎት» የሚለው አለ፣ «አላህ ያሽርዎት» አሉ ወይዘሮ ዙለይሃ፤ የፊት ወንበር ተለቀቀላቸው። አቶ ኪዳኔ የዕለቱን ሐሳብ አቀረቡ። የማኅበሩ የቤተሰብ ሽርሽር ዘንድሮ በመጋቢት መጀመሪያ ይሁን፤ በዚያ ወር ፓርኮቹ ሰው ስለማይበዛባቸው ቦታ አናጣም። አዳራሹ ነቀነቀ። አቶ በሪሁንም እንደ ልማዳቸው ሊነቀንቁ ሞከሩ፤ ስፖንጁ አገጫቸውን ይዞ አስቀራቸው።

ከዚህ ቀደም በዚያ አዳራሽ ያልነቀነቀ ሰው ታይቶ አያውቅም።

«አቶ በሪሁን፣ ቅሬታ አለዎት እንዴ?» አሉ አቶ ኪዳኔ።

ቅሬታ እንኳ አልነበራቸውም። ይህንኑ ሊናገሩ መጀመሪያ ትከሻቸውን፣ ከዚያ ወገባቸውን፣ በመጨረሻም ወንበሩን ጭምር ወደ መድረኩ አዞሩ። ይህ ሁሉ ጊዜ ወሰደ፤ ጊዜ የወሰደ ነገር ደግሞ ክብደት አለው። አፋቸው በስፖንጁ ምክንያት በቅጡ አልከፈት ስላላቸው ረጅሙን ትተው አጭሩን ተናገሩ።

«ይታሰብበት።»

ሕዝቡ አሰበበት። ሲያስብበት ጊዜ፣ በመጋቢት መጀመሪያ ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ መኖሩን አንዱ አስታወሰ። ሐሳቡ ወደቀ። ነገሪ የሚባለው ወጣት የኮሚቴ አባል በመውጫው ላይ፣ በረዶውን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ደፍሮ የተናገረው ግን ጋሽ በሪሁን ብቻ ነው እያለ አወራ። አቶ በሪሁን ስለ በረዶ አንዲት ቃል አልወጣቸውም ነበር። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» እያለ ያደገ ሕዝብ ግን አንገቱን ሊደፋ የማይችል ሰው ሲያገኝ ምን ያድርግ? ወደደው።

ከዚያ ወዲህ ዝናቸው ከሪችፊልድ አልፎ ሴንት ፖል ደረሰ። የተጣላ ሁሉ ይመጣል፤ አቶ በሪሁን ከነወገባቸው ወደ ባል ይዞራሉ፣ ከነወገባቸው ወደ ሚስት ይዞራሉ፤ መዞሩን ቆሞ መጠበቅ አድክሞት ሰው ይታረቃል። የጸደዩ ምርጫ ሲቃረብ ለሊቀ መንበርነት ተጠቆሙ።

ክሪስተን ግን የምርጫውን ነገር አልሰማችም። ድጋፉን ሳያወልቁ መክረማቸውን ስታይ፣ በዚያ አገር ሰው ለስለስ ያለ ቁጣ ተቆጣች። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሰንፋል፤ ስፖንጁ የአንገትን ሥራ በሠራ ቁጥር አንገቱ እየከዳ ይሄዳል፤ ዛሬውኑ ይውለቅ አለች። አቶ በሪሁን «ኦኬ» ብለው አወለቁት። ፓርኪንጉ ጋ ሲደርሱ መልሰው አጠለቁት።

ቤት ውስጥ ሚስታቸው የምሥራች አልተዋጠላትም። እሷ በሌላ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ የምትውል ናት፤ ክሪስተን ያዘዘችውን ለባሏ እያስታወሰች ራሷ ስትሠራው፣ የከረመባት የአንገት ሕመም ቀሏት ነበር።

«እጅህ አሁንም ይደነዝዛል አይደል?»

«ትንሽ።»

«ታዲያ የአንገት ኮላሩን አውልቀህ ኤክሰርሳይሱን ብትሠራስ?»

«ከምርጫው በኋላ።»

«አንገትህ ምርጫ መኖሩን ያውቃል?»

ማዕዶት ከሶፋው ላይ ሆና «ዳድ፣ ሺ ሴድ ኦንሊ ኤ ፊው ዴይስ» አለች፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የተባልከው ማለቷ ነው። አንቺ እዚህ የተወለድሽ ልጅ የሕዝብ ነገር አይገባሽም ተባለች።

በዚያ ሰሞን ነገሪም ከፋርማሲ አንድ የአንገት ድጋፍ ገዝቶ መጣ። አንገቱ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን ለወጣቱ ትውልድ ቦታ ይሰጠው ባይ ነበር። ሌሎች የኮሚቴ አባላትም ተከተሉት። አንድ ቀን ኮሚቴው በሙሉ እስከ አገጩ በስፖንጅ ተቀብሮ ተሰበሰበ፤ የሚነቀንቅ ስለጠፋ አንድም አጀንዳ ሳይጸድቅ ቀረ። በማኅበሩ ዘንድ ያ ስብሰባ እስከ ዛሬ የሚነሣው በብስለቱ ነው።

ምርጫው ደረሰ፤ አቶ በሪሁን አሸነፉ። «ሹመት ያዳብር» እያለ ሕዝቡ ለመሳም ተሰለፈ። መሳም ማለት እኛ ዘንድ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ፣ እንደገና በግራ ነው፤ ዘመድ ከሆነ ይጨመራል። ስፖንጁ ግን ግማሽ ጉንጫቸውን ሸፍኖታል። ወይዘሮ ዙለይሃ ስመው ስመው የደረሳቸው ጨርቅ ብቻ ሲሆን፣ «ይኼን ነገር ለአንዴ ያውልቁትና ሰው እንደ ሰው ይሳምዎት» አሉ። ተሸናፊው አቶ ኪዳኔ በታላቅ ትሕትና ቀረብ ብለው፣ ማጣበቂያውን ከኋላ ቸርር አድርገው በገዛ እጃቸው ፈቱት። ከዚያ አንገታቸውን አቅፈው ሳሟቸው፤ ከዘመድም አስበልጠው።

ወራት ሙሉ ሥራ ፈትቶ የከረመው አንገት ይህን አልቻለም። የአቶ በሪሁን ራስ ወደ ፊት ዘጭ አለ። እንደ ምንም ቀና አደረጉት፤ ተመልሶ ዘጭ አለ። ከትከሻቸው እስከ ጣታቸው እሳት ወረደ። አዳራሹ ግን አዲሱን ሊቀ መንበር በጉጉት ይመለከት ነበር።

አቶ ኪዳኔ ይህን አስተዋሉ። ለማኅበሩ አንድነት ሲባል ምክትል ሆነው ቢቀጥሉ፣ ሥራውንም ሁሉ ራሳቸው ቢሠሩት ምን እንደሚመስላቸው አዲሱን ሊቀ መንበር ጠየቁ። የሊቀ መንበሩ ራስ ዘጭ አለ። ጭብጨባ ሆነ። ሌላው ተነሥቶ፣ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ሰው እንዳይቀያየም የዘመን መለወጫው በዓል በሁለቱም ከተማ በተመሳሳይ ሰዓት ይከበር፣ ሊቀ መንበሩም በሁለቱም ቦታ ይገኙ አለ። ዘጭ። በዚያው ሞቅታ የመጋቢቱ ሽርሽር እንደገና ቀርቦ፣ ለመጪው ዓመት ጸደቀ። ሕዝቡ በደስታ ተበተነ። ሲመርጡ አልነቀንቅ ያለ ሰው መርጠው፣ የሚነቀንቅ መሪ ማግኘታቸው እጥፍ ድርብ በረከት ሆነላቸው።

ሰኞ ጠዋት አቶ በሪሁን መሪውን ጨብጠው ሊይዙ አልቻሉም። ሆቴሉ እጃቸው እስኪድን እንዳይነዱ ከለከላቸው፤ ቫኑን ሌላ ሰው እየነዳው እሳቸው በር ይከፍቱ ጀመር። የዚያን ቀን ቤት ገብተው አለቀሱ። የምሥራች ቁጣዋን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ እንባውን ስታይ ተወችው። ወጥ ቤት ወስዳ ከጎኗ አቆመቻቸውና አገጯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። አቶ በሪሁንም ሳብ አደረጉ። ሁለት ዶሮዎች ሆነው ጎን ለጎን ቆሙ፤ ማዕዶት አይታ ሳቀች፤ ምንም አልመሰላቸውም።

በጋውን እንዲህ ገፉት። ትራሱ አንድ ሆነ፤ ስልኩ በሥራ ሰዓት ጠፍቶ ኪስ ውስጥ ዋለ፤ የተጣላም በራሱ ጊዜ መታረቅ ጀመረ። ክሪስተን የደረቀው ዲስክ መልሶ እንደማይለመልም፣ የሚደግፈው ጡንቻ ግን እንደበረታ፣ ነርቩም እንደተነፈሰ አስረዳቻቸው። ቅጠል ሲረግፍ እጃቸው ወደ መሪው ተመለሰ። ቁልፉን ሲያዞሩ የተሰማቸውን ደስታ የሊቀ መንበርነቱ ዕለት አልሰጣቸውም ነበር።

ዳነ የተባለው አንገት የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሲገኝ፣ አቶ ኪዳኔ የዓመቱን ታላቅ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ሰው በሺፍት ምክንያት አዳራሽ መምጣት ስላልቻለ፣ ከእንግዲህ ስብሰባው በየምሽቱ በስልክ ይሁን፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሞባይል ጥሪ በነጻ ነው። ዕቃ የሚያጥበው እያጠበ፣ ቢሮ የሚያጸዳው እያጸዳ፣ ታክሲ የሚነዳው እየነዳ ይሰበሰባል። እንዴት እንደሆነም፣ ስልካቸውን በትከሻና በጆሯቸው መካከል ሸጎጥ አድርገው፣ ሁለት ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ። አዳራሹ ነቀነቀ።

አቶ በሪሁን ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፣ ወደ ግራ አዞሩ፣ ደግመው አዞሩ። አንገታቸው እንደ ልቡ ታዘዛቸው።

«አይሆንም» አሉ። «ስልክ በትከሻችሁ ይዛችሁ በየማታው ብትሰበሰቡ የእኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። እኔ እጄን ላጣው ነበር። ከፈለጋችሁ በወር አንድ ቀን እንምጣ፣ አንገታችንን ቀና አድርገን እንነጋገር።»

አባላቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሊቀ መንበራቸው በሹመት ዘመናቸው ሁሉ ራሳቸውን ወደ ጎን አዙረው አያውቁም።

«ያ ረቢ» አሉ ወይዘሮ ዙለይሃ በሐዘን፣ «ሕመሙ ተነሣባቸው።»

«አንገታቸው በራሱ እየዞረ ነው» አለ ነገሪ፤ ሮጦም ከመኪናው ስፖንጁን አመጣ። አቶ ኪዳኔ ተቀብለው በርኅራኄ አጠለቁላቸው። አቶ በሪሁን «ደኅና ነኝ፣ ድኛለሁ» ቢሉም ድምፃቸው ስፖንጁ ውስጥ ታፍኖ ቀረ፤ የሰሙትም ሕመምተኛ ደኅና ነኝ ማለት ሲያበዛ ጥሩ ምልክት አይደለም ተባባሉ። ሐሳቡ ጸደቀ፤ የመጀመሪያው የስልክ ስብሰባ አጀንዳም «የሊቀ መንበራችን ጤና» እንዲሆን ተወሰነ።

በተባለው ምሽት ማኅበሩ ከሁለቱም ከተማ ሳይጎድል ተገኘ። ሁሉም ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ቆልፎ፣ አንገቱን አጣሞ፣ ለአቶ በሪሁን አንገት ሲያዝን አመሸ።