ቀኑ የደረሰ መያዣ

በሰው አገር ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ መያዣ ተቀባይ አይጠፋም። ባንኩ «ክሬዲትህ ገና ነው» ብሎ ሲመልስህ እሱ በሩን ከፍቶ ይጠብቅሃል። የፓርክዴል ሰፈሩ ክቡርነታቸው ጋሽ ያዕቁብ ይባላሉ። ከኢቶቢኮ መጋዘን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለወገን ያበድራሉ። ወለድ ሐራም ነው፣ ዝር አይሉበትም። መያዣ ሳይረከቡ ግን ሳንቲም ከእጃቸው አትወጣም። «ቀን ቀን ነው። ካልከፈልክ ይሸጣል» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው።

ከተበዳሪዎቻቸው አንዷ መስቱራ ይህን ስትሰማ ፈራች። ባሏን ሙሐመድሰዒድን ከደሴ ለማምጣት የስፖንሰርሺፑ ገንዘብ ቢያጥራት የልብስ ስፌት መኪናዋን አስይዛ ተበድራለች። መኪናው ከተሸጠ እንጀራዋም አብሮ መሸጡ ነው።

ግን መኪናው እሳቸው ቤት ተቀምጦ በምን ሠርታ ትክፈል? ክቡርነታቸው ይህንንም በአንድ ውሳኔ ፈቱት፤ መያዣ ከቤት አይወጣም፣ ባለቤቱ ግን መግባት ይችላል። ስለዚህ መስቱራ ከሥራ መልስ ከስትሪትካሩ ባቡር እየወረደች እሳቸው ሳሎን ውስጥ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። እሳቸው አጠገቧ ቁጭ ብለው ይቆጣጠራሉ።

«ቀስ ብለሽ ርገጪው። አማና ነው።»

«ጋሼ፣ የራሴ መኪና እኮ ነው።»

«ቀኑ እስኪደርስ የማንም አይደለም።»

ሳሎን ስላችሁ ሳሎን እንዳይመስላችሁ። ጥጉን የአንድ ታክሲ ነጂ የክረምት ጎማዎች ይዘውታል። ግድግዳው ላይ የሌላው ተበዳሪ የብሩኬ ግዙፍ ቲቪ ፕላስቲክ ለብሶ ተሰቅሏል። ጋሽ ያዕቁብ ከሥሩ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ከራሳቸው ሚጢጢ ቲቪ ዜና ያያሉ። የሰው መያዣ አይከፈትማ።

የብሩኬ ቀን ሲደርስ መስቱራ እዚያው ነበረች። ብሩኬ አልከፈለም፣ ጋሽ ያዕቁብም እንደዛቱት ገዢ ጠሩ። ሰውዬው ገና ዋጋ ሳይጠይቅ «ድምፁ ትንሽ ይቆራረጣል» አሉት። «መብራትም ይበላል። ልጆች ካሉህ ደግሞ ለዓይናቸው ጥሩ አይደለም።» ገዢው አመስግኖ ወጣ። እሳቸው ወዲያው ብሩኬን ኮል አድርገው፣ ገበያ ስለጠፋ አንድ ወር እንደጨመሩለት በቁጣ ነገሩት።

መስቱራ ግን ለቲቪ የተደረገ ምሕረት ለስፌት መኪና ይደገማል ብላ አልተማመነችም። ጥርሷን ነክሳ ሠራች።

የእሷ ቀን ቅዳሜ ዋለ። ገንዘቡን ሙሉውን በፖስታ ይዛ፣ መኪናውን የሚሸከምላትን ብሩኬን አስከትላ መጣች። ጋሽ ያዕቁብ ፖስታውን አዩት እንጂ አልተቀበሉም።

«ቀኑ እኮ እስከ መግሪብ ነው። ምን አስቸኮለሽ?»

«ቀን ቀን ነው ብለው የለ?»

«ብያለሁ። ግን ካጠረሽ አንድ ወር ላራዝምልሽ እችላለሁ።»

«እኔ አላጠረኝም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ካጠረሽ ነው ያልኩት።»

ብሩኬ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ጎማዎቹ ዞረ። መስቱራ መኪናዋን አየች። ዘይት ተቀብቷል። አጠገቡ ትናንት ያልነበረ የጠረጴዛ መብራት ቆሟል፣ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳለትም። ስትሰፋ ዓይኗን እንደምታጨነቁር አይተው ኖሯል። አንጀቷን በሏት። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራቻቸው ሰውዬ ከነገ ጀምሮ «ቀስ ብለሽ ርገጪው» የሚሉት ሰው የላቸውም።

መኪናው ግን መሄድ ነበረበት፣ ብሩኬም ተሸክሞት ወረደ። መስቱራ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከላዩ ትልቁን የጨርቅ መቀሷን ጫነችበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መያዣ። ጨርቄን የምቆርጠው እዚህ እየመጣሁ ነው።»

«ምን ተበድረሽ?»

«መብራቱን። እዚሁ ነው የምሠራበት።»

ጋሽ ያዕቁብ መብራቱን አዩ፣ መቀሱን አዩ።

«ቀኑስ መቼ ነው?»

«ቀን የለውም።»

ጣታቸው ወደ ጣሪያው ተቀሰረ። ቀን የሌለው መያዣ በዕድሜያቸው ተቀብለው እንደማያውቁ፣ ወደፊትም እንደማይቀበሉ እየተናገሩ፣ በሌላው እጃቸው ለመቀሱ የሚሆን ፕላስቲክ ይፈልጉ ነበር።